መልስ፦ ነገ ኮሜዲ ቲያትር እንከፍታለን፣ እግሬ ቢከዳኝስ?

አይዞህ ወንድሜ። ነገ ባሕር ዳር፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ ስትወጣ እግርህ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ግን የመጀመሪያው ሳቅ እስኪመጣ ነው። አፍ የሚያደርቀው፣ ልብ የሚያስደልቀው አድሬናሊን፣ ሰውነት ሲፈራ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ነው፤ ቃለ ተውኔቱ ጠፍቶህ አይደለም። እኔ ከመክፈቻው በፊት ጣና ዳር ወርጄ፣ ታንኳ ቀዛፊዎቹን እያየሁ ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አስወጣለሁ። ቡና አልነካም (እናቴ በረካውን ሳትጠጣ ብላ ብትቆጣም)።

የኮሜዲ ዋና ጣጣ ግን ሌላ ነው። ፍርሃት ያጣድፍሃል። ሰው እየሳቀ ቀጣዩን ከተናገርክ ማንም አይሰማህም፤ ቀልዱ ባከነ። ሳቁ ጋብ ሲል ቀጥል። ካልሳቁስ? ደግመህ አታስረዳ፣ እለፈው።

እኔ አንዴ የለጠፍኩት ጢም መድረክ ላይ ወደቀ። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። የምሽቱ ትልቁ ሳቅ እሱ ነበር።