ማጫወቻው 24 ፍሬም «ይደግፋል» ወይስ ያወጣል?

ጥያቄ፦ የምሠራው ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ለዕቃዎቹ የአማርኛ መግለጫ እጽፋለሁ። ለአንድ የብሉ ሬይ (የፊልም ዲስክ) ማጫወቻ «24 ፍሬሞች በሰከንድ ይደግፋል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበውና «ምን ሊወድቅ ነው የሚደግፈው?» ብሎ ሳቀብኝ። ባልደረባዬ ደግሞ «ፍሬም የፈረንጅ ነው፣ ክፈፍ በል» አለኝ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ አለቃዎ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ቀልዳቸው ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ።

መደገፍ በአማርኛ ሊወድቅ ላዘመመ ነገር ነው። ያዘነበለ ግድግዳ በባላ ይደገፋል። ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ ይሄዳል። ሰው ቡድኑን ይደግፋል፣ ልጅ ቤተሰቡን ይደግፋል። ማሽን አንድን ነገር «መደገፍ» የጀመረው ግን ገና ትናንት ነው፣ ያውም በትርጉም በኩል። እኔ ቃሉን አላባርረውም። «ስልኬ አማርኛ አይደግፍም» ሲባል ሁሉም ይገባዋል፤ የገባን ቃል በግድ ማስወጣት ደግሞ ትርፉ ድካም ነው። እርስዎ በጻፉት ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ቃሉ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ይደብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲኒማ ፊልም ድምፅ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ በሰከንድ 24 ምስል ሲታይ ኖሯል፤ ፍሬም የሚባለው ይህ እያንዳንዱ ምስል ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ደግሞ ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚያድሰው። 24ን በ60 ላይ እንዴት ያስቀምጡታል? 24 እንግዳ ጠርተው 60 እንጀራ አቀረቡ እንበል። እንጀራ አይቆረስም ከተባለ አንዱ ሁለት፣ ቀጣዩ ሦስት፣ ሌላው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያለ ይዳረሳል። ሁሉም በልቷል፤ እኩል ግን አልበላም። ቴሌቪዥኑም አንዱን ምስል ሁለቴ፣ ቀጣዩን ሦስቴ ያሳያል። ካሜራው ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር ምስሉ የሚንገጫገጨው በዚህ ነው።

ብሉ ሬይ ዲስክ ፊልሙን በሰከንድ 24 እንዳለ ይይዛል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ላይ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች መካከል 24ቱን ከዲስኩ አንብበው ወደ 60 ቀይረው የሚያወጡ ነበሩ። የጨዋታ ማሽኑን ፕሌይስቴሽን 3ን ይውሰዱ። ሲወጣ ብሉ ሬይ ያጫውት ነበር፤ በ24 ማውጣት የቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ሶፍትዌሩ ሲታደስለት ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት 24 «ይደግፍ» ነበር? ሻጭ አዎ ይላል፤ ገዢ ቤቱ ገብቶ ሲያየው ይንገጫገጭበታል። ሁለቱም አልዋሹም። ያሳታቸው ግሡ ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ግሥ አልቸገረውም፤ እንዲያውም ሰፈር ውስጥ በየቀኑ እንለዋለን። «ዲቪዲው ዲስክ አያነብም» ያላለ ማን አለ? «ይሄ ስልክ ሁለት ሲም ይወስዳል?» ብለን አይደል የምንገዛው? እዚህም እንደዚያው ነው። ማጫወቻው ከዲስኩ ያነባል፣ በኬብሉ ያወጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይቀበላል፣ ከዚያ ያሳያል። አራቱም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። 24 ተቀብሎ ውስጥ ለውስጥ ወደ 60 ቀይሮ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለ። ምስሉን በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ምስል አምስት አምስት ጊዜ ማሳየት ይችላል፤ እንጀራው ለሁሉም እኩል ደረሰ ማለት ነው። «ይደግፋል» አራቱን በአንድ ከረጢት ይጨምራቸዋል።

ወደ ባልደረባዎ ልምጣ። ክፈፍ ጠርዝ ነው፣ ዳር ነው። ለሥዕል ዙሪያ እንጨት ቢባል ያስኬዳል። የፊልም ፍሬም ግን ዳሩ ሳይሆን መሐሉ ነው፤ አንዷ ሙሉ ምስል ራሷ ናት። ስለዚህ «ምስል» ቢሉ ከክፈፍ ይሻላል። «ፍሬም» ቢሉም ችግር የለም፤ መነጽር ቤት ሄዶ «ክፈፍ አሳዩኝ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ይልቅ «የፍሬም መጠን» ከሚለው ይጠንቀቁ፤ አንባቢ የምስሉ ስፋትና ቁመት ይመስለዋል። «የፍሬም ፍጥነት» ይበሉት።

የቃሉ ቅደም ተከተልም አለ። «በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር» እንላለን እንጂ «60 ኪሎ ሜትሮች በሰዓት» አንልም። ስለዚህ «በሰከንድ 24 ፍሬም»፤ ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ «ፍሬሞች» ማለት አያስፈልግም።

በዕቃው ሣጥን ላይ «24 ፒ» የሚል ካዩ፣ «ፒ»ዋ እያንዳንዱ ምስል በአንዴ ሙሉውን መምጣቱን ትናገራለች። መስመር እየዘለለ፣ ግማሹን አስቀድሞ ግማሹን አስከትሎ የሚመጣው ደግሞ «አይ» ይባላል። «1080 አይ» (1080 የመስመሮቹ ብዛት ነው) ሲባል ሰውየው ቁጥሩ ያነሰበት ነው የሚመስለው! እዚህ ላይ ፊደሉን ትተው «መስመር እየዘለለ» ብለው ቢጽፉ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የፊልም ትርጉም ጽሑፍ ለሚሠሩ ይጠቅማል። 24 የተባለው ብዙ ጊዜ በትክክል 24 አይደለም፤ 23.976 ነው። ሰዓቱ ለሙሉ 24 የተስተካከለን ጽሑፍ እዚያ ላይ ቢጭኑት በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ይዛነፋል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት መልሱ ተጽፎ ያገኙታል።

ለመግለጫው እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «በሰከንድ 24 ፍሬም የሆነን ፊልም ከዲስኩ አንብቦ፣ ሳይቀይር በኤችዲኤምአይ ኬብል ያወጣል። ቴሌቪዥንዎ በሰከንድ 24 መቀበል የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ።» ከመለጠፍዎ በፊት ግን ዕቃውን ከፍተው ቅንብሩን ይዩት። «ያወጣል» ብለው ጽፈው ሳያወጣ ቢቀር አለቃዎ እንደ በፊቱ የሚስቁ አይመስለኝም።