የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ልጄ ከ10 ሰባት ብቻ አመጣች»

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም በኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ስላለው ትምህርትና የዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ የመጀመሪያ ዲግሪዋን 3.8 ይዛ ነው የጨረሰችው። ዘንድሮ ዋገኒንገን ማስተርስ ጀምራ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኮርሶች ውጤት 7፣ 6.5 እና 7.5 ሆነ። እሷ «ጥሩ ነው አባዬ» ትለኛለች። እኔ የማውቀው ግን ከመቶ ሰባ ማለት ለእሷ ውድቀት መሆኑን ነው። ትምህርቱ ከበዳት ወይስ የደበቀችኝ ነገር አለ? (አባት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ልጅዎ የነገረችዎት እውነቱን ነው። የኔዘርላንድ ውጤት ከ1 እስከ 10 ቢቆጠርም የላይኛው ጫፍ እምብዛም አይነካም። ማለፊያው 5.5 ነው፤ ብዙ ቦታ ወደ 6 ተጠጋግቶ ይመዘገባል። 7 ጥሩ፣ 8 በጣም ጥሩ ነው። 9 ያመጣ ተማሪ ለጓደኞቹ ያወራዋል። 10 በሒሳብ ፈተና አልፎ አልፎ ይታያል፤ በድርሰትና በመመረቂያ ጽሑፍ ግን የሚሰጠው መምህር ማግኘት ከባድ ነው። በማዕረግ ለመመረቅ፣ እነሱ «ኩም ላውደ» ይሉታል፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው አማካይ 8 አካባቢ ነው። ስለዚህ 7ን በ10 አካፍሎ በ4 ማባዛት 2.8 የሚል ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ቁጥሩ ግን የልጅዎን ደረጃ አይናገርም።

አንዱ ምክንያት የግምት ቅነሳ ነው። ባለ አራት ምርጫ 40 ጥያቄዎች ያሉት ፈተና እንውሰድ። ምንም ያላጠና ሰው በዕድል ብቻ ወደ 10 ያህሉን ይመታል። ስለዚህ ብዙ ክፍሎች 10 ትክክል መልስን እንደ 1፣ 40ን እንደ 10 ቆጥረው በመካከሉ ቀጥታ መስመር ያሰምራሉ። በዚህ ስሌት 5.5 የሚገኘው በ20 ሳይሆን በ25 ትክክል መልስ ነው። 30 የመለሰች ልጅ 7 ታገኛለች። እዚህ 75 ከመቶ ሊባልላት የሚችለው ሥራ ማለት ነው።

በጽሑፍ ሥራ ደግሞ መምህሩ ያስተማረውን አሳምሮ መልሶ መጻፍ ያሳልፋል እንጂ ብዙ ነጥብ አያስገኝም። ከ7 በላይ ያለው ነጥብ የተያዘው ሁለት ጥናቶችን አፋጥጦ «ይህኛው የተሻለ ያስረዳል፤ ምክንያቱም…» ለሚል ተማሪ ነው። ሸምድዶ መድረስን ለለመደ ጎበዝ ተማሪ የመጀመሪያው መንፈቅ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ልጅዎን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ቁጥር አለ፦ «ስንት ክሬዲት አለፍሽ?» ዓመቱ 60 ክሬዲት ነው። ከዚያ ውስጥ ያለፈችው መጠን ከ7 እና ከ8 ልዩነት ይልቅ ለቆይታዋ ይወስናል። የሚቀጥለው መልስ ስለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኮርሱን ስምንት ሳምንት ተምሬ በፈተናው ቀን ስሄድ «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» ተብዬ ተመለስኩ። ኮርሱ 6 ክሬዲት ነው። ማንም አላስታወሰኝም! ምን ላድርግ? የመኖሪያ ፈቃዴስ ይነካል?

መልስ፦ በብዙ የኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለኮርስ መመዝገብና ለፈተና መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ብዙዎቹ «ኦሲሪስ» የተባለውን ሥርዓት ይጠቀማሉ። የፈተናው ምዝገባ ግን ከፈተናው ቀን ቀደም ብሎ፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት፣ ይዘጋል። የወንበር ቁጥር፣ የፈተና ወረቀትና የኮምፒውተር ፈተና መግቢያ የሚዘጋጁት በዚያ ዝርዝር ነው። በር ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ የመወሰን ሥልጣን ስለሌለው እሱን መለመን ዋጋ የለውም። ለመጀመሪያው ፈተና ወዲያው የሚመዘግቡ ክፍሎችም አሉ፤ እነዚያም ቢሆኑ ለድጋሚው ራስዎ እንዲመዘገቡ ይጠብቃሉ። አደናጋሪው ይኼ ነው።

ዛሬውኑ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ይሂዱ ወይም ይጻፉላቸው። የኮርሱን ኮድ፣ የተማሪ ቁጥርዎንና የሆነውን በሦስት መስመር ያስቀምጡ። ለብዙ ኮርሶች በዓመት ሁለት ዕድል አለ። የድጋሚው ቀን በጊዜ ሰሌዳው ላይ ስለሚገኝ ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ይያዙት። ከተመዘገቡ በኋላ ማረጋገጫው ካልደረሰዎት እንዳልተመዘገቡ ይቁጠሩት። ቁርጥ ያለው ደንብ በትምህርት ክፍልዎ «የትምህርትና የፈተና ደንብ» ውስጥ ተጽፏል፤ ተማሪው በደችኛ ምሕጻሩ «ኦ-ኤ-ኤር» ይለዋል። አሰልቺ ሰነድ ነው፤ ቢሆንም ስለ ድጋሚ ፈተናና ስለ ውጤት የሚናገሩትን ገጾች ብቻ ማንበብ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

«ረሳሁት» ለፈተና ኮሚቴው ምክንያት አይሆንም። ሕመም ወይም የቤተሰብ ሐዘን ግን ይሆናል፤ በማስረጃ ተደግፎ፣ በጊዜው ከቀረበ። እዚህ ላይ ብዙ የአገራችን ልጆች ይጎዳሉ። ጥር ላይ ታመው፣ ችግሩን ለብቻቸው ችለው፣ ሰኔ ላይ ክሬዲቱ ሲጎድል ነው የሚናገሩት። የትምህርት አማካሪ፣ «ስቱዲአድቪሰር» የሚሉት፣ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ሳይጠሩት ግን አይመጣም። ችግሩ በተፈጠረበት ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ፤ ንግግሩ በመዝገብ ይቀመጣል።

የመኖሪያ ፈቃዱን በተመለከተ፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በየዓመቱ ቢያንስ ግማሹን ክሬዲት፣ ማለትም ከ60ው 30ውን ማለፍ አለበት። ካላለፈ ዩኒቨርሲቲው ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ (አይኤንዲ) ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ፈቃዱም ሊሰረዝ ይችላል። በማስረጃ የተያዘ የግል ችግር ካለ ግን ለዚያ ዓመት ሊታለፍ ይችላል። በአንድ ባለ 6 ክሬዲት ኮርስ ምክንያት የሚደርስብዎት ነገር የለም። የባችለር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከዚህ በላይ ሌላ ገደብ አለባቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ካስቀመጠው ክሬዲት በታች ያመጣ ያንን ትምህርት እዚያው መቀጠል አይችልም። ገደቡ ብዙ ቦታ ከ40 በላይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በኔዘርላንድ አንድ ክሬዲት የ28 ሰዓት ሥራ ነው። የእርስዎ ኮርስ 168 ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ለስምንት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 21 ሰዓት። ሁለት ኮርስ ጎን ለጎን ከያዙ 42 ሰዓት ይሆናል። ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት የዚህን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረው ንባብ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት እዚያ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ጊዜው አይበቃም።

ውጤት ከወጣ በኋላ የታረመ ወረቀትዎን የማየት መብት አለዎት፤ «ኢንዛኸ» ይባላል፤ ቀኑ ይለጠፋል። በውጤቱ ካልተስማሙ መጀመሪያ መምህሩን ያናግሩ። ያ ካልፈታው ለዩኒቨርሲቲው የፈተና ይግባኝ ሰሚ የሚያመለክቱበት ጊዜ 6 ሳምንት ነው፤ ከመምህሩ ጋር እየተነጋገሩም ቢሆን ጊዜው ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሑድ ሬስቶራንት ዕቃ የሚያጥብ ጓደኛዬ «ወረቀት አያስፈልግም፣ በእጅ ይከፍሉሃል» አለኝ። ተማሪ ስንት ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል? (ከኤንስኸዴ)

መልስ፦ ጓደኛዎ የአውሮፓ ፓስፖርት ከሌለው በእሳት እየተጫወተ ነው። እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ በሳምንት እስከ 16 ሰዓት ይሠራል፤ ወይም ደግሞ በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ሙሉ ቀን ይሠራል። ሁለቱን በአንድ ዓመት ማደባለቅ አይቻልም። ለሁለቱም አሠሪው «ዩ-ዌ-ቬ» ከተባለው መሥሪያ ቤት የሥራ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱ እስከ 5 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ለጁን ሥራ አሠሪውን በኤፕሪል ማናገር ይሻላል። ፈቃዱ የሚሠራው ለዚያ አሠሪ ብቻ ነው፤ ሥራ ከቀየሩ አዲስ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ረዳት አድርጎ ቢቀጥርዎትም እንዲሁ ነው። የትምህርቱ አካል ለሆነ ልምምድ ግን በተማሪው፣ በተቋሙና በድርጅቱ መካከል የተፈረመ ውል ይበቃል።

ከሰዓቱ ይልቅ ብዙዎችን የሚያሳስተው የጤና መድን ነው። ተማሪ ብቻ ሆነው ሳሉ የግል የተማሪ መድን ይበቃል። ደመወዝ መቀበል የጀመሩ ዕለት ግን፣ በሳምንት አራት ሰዓት ቢሆንም፣ የኔዘርላንድን መሠረታዊ መድን መግባት ግዴታ ነው። በ2025 አማካይ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 160 ዩሮ ገደማ ነበር። ዘግይተው ቢገቡም፣ አራት ወር ካላለፈ፣ ክፍያው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ጥሩው ዜና ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው «ዞርኽቱስላኽ» የተባለ ድጎማ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ይጠይቃል፤ የክፍያውንም ትልቁን ክፍል ይመልስለታል። ማመልከት ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ከመድኑ ጋር በዓመት 385 ዩሮ የራስ ድርሻ፣ ማለትም መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚወጣ፣ አለ፤ የቤተሰብ ሐኪም ጋ መሄድ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሲታመሙም መጀመሪያ የሚሄዱት እሱ ጋ እንጂ ሆስፒታል አይደለም፤ ስለዚህ ጤነኛ ሳሉ ይመዝገቡ።

ጥያቄ፦ ዩትሬክት ውስጥ በወር 450 ዩሮ ክፍል በኢንተርኔት አገኘሁ። ባለቤቷ ውጭ አገር ስላለች የሁለት ወር አስቀድሜ ብልክላት ቁልፉን በፖስታ እንደምትልክ ነገረችኝ። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ቁልፉ በፖስታ ይመጣል፣ ዋጋው ደግሞ ለከተማው በጣም ርካሽ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ማጭበርበር ነው ብሎ ማሰብ ይበቃል። እዚያ ያለ የሚያውቁት ሰው በሩን ከፍቶ ሳያየው ሳንቲም አይክፈሉ። መያዣም ከ2023 ጁላይ ወዲህ ለሚፈረም ውል ከሁለት ወር የተጣራ ኪራይ መብለጥ አይችልም።

ደህናው መንገድ ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ የውጭ ተማሪ የሚያስይዘው ክፍል ነው። የመግቢያ ደብዳቤ እንደደረሰ በዚያው ሳምንት ያመልክቱ፤ ቶሎ ያልቃል። በየከተማው የተማሪ ቤት ድርጅቶችም አሉ፦ ዩትሬክት ኤስኤስኤች፣ ዴልፍትና ላይደን ዱዎ፣ ዋገኒንገን ኢዴያሊስ። ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ ወደፊት ለሚቀይሩት ክፍል ዛሬ መመዝገብ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «በዚህ አድራሻ ማዘጋጃ ቤት መመዝገብ እችላለሁ?» አይቻልም ካሉ ይተዉት። ከአራት ወር በላይ የሚቆይ ሰው በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዜግነት የማይጠይቀው የግል ቁጥር፣ «ቤ-ኤስ-ኤን»፣ የሚገኘው በዚያ ነው፤ ያለ እሱ ደመወዝም መድንም አይሆንም። ማዘጋጃ ቤቶች የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት ስለሚጠይቁ ማኅተሙን ከአዲስ አበባ ጨርሰው ይውጡ።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ ፕሮፌሰር «በስሜ ጥራኝ» አለኝ። አፌ አልታዘዝ አለ። ደግሞ ጽሑፌን «ይህ ክፍል ግልጽ አይደለም» ብሎ በቀይ ሞላው። ተቆጣ ይሆን?

መልስ፦ አልተቆጣም። «ይህ ግልጽ አይደለም» ሲል ያ አንቀጽ ግልጽ አይደለም ማለቱ ብቻ ነው፤ ስለ እርስዎ የተናገረው ነገር የለም። ኔዘርላንዳውያን ጥሩ ሥራን «መጥፎ አይደለም» እያሉ ነው የሚያመሰግኑት።

ስሙን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ኢሜይል በማዕረጉ ይጻፉ፤ ሲመልስ በምን ስም እንደፈረመ ይዩና ከዚያ በኋላ በዚያው ይጥሩት። በአማርኛ «አንተ» እንደማለት ስለሚሰማ አፍ ይይዛል፤ ለእነሱ ግን አክብሮት የሚለካው በሰዓት መድረስና ተዘጋጅቶ በመምጣት ነው። ቀጠሮ ሳይይዙ ቢሮ አንኳኩቶ መግባት በስም ከመጥራት ይልቅ ያስከፋል። የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ይያዙ፤ ሁለት ሦስት ጥያቄ ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይላኩ። ክፍል ውስጥ ዝም ማለትንም እንደ ጨዋነት አያዩትም፤ «አላነበበም» ብለው ነው የሚያስቡት።

በቡድን ሥራም ያው ነው። አንዱ አባል ሥራውን ካልሠራ በሦስተኛው ሳምንት ፊት ለፊት ይንገሩት፤ ካልተስተካከለ ለአስተማሪው ያሳውቁ። ሁሉን ችለው ሠርተው ውጤት ከወጣ በኋላ ቢያማርሩ «ያኔ ለምን አልተናገርክም?» ነው መልሱ።

ጥያቄ፦ ብስክሌት በስንት ይገኛል?

መልስ፦ ያገለገለ ደህና ብስክሌት ከ100 እስከ 200 ዩሮ። መንገድ ላይ በ25 ዩሮ የሚሸጥልዎት የተሰረቀ ነው፤ መግዛቱም ወንጀል ነው። ሁለት ቁልፍ ይግዙ፤ ከሁለቱ አንዱ ከብረት አጥር ጋር ያስሩበታል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት በጨለማ ግዴታ ነው። እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ከ2019 ጁላይ ጀምሮ ተከልክሏል። ባቡር ጣቢያ በሚጠበቀው ማቆሚያ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ብዙ ቦታ ነጻ ነው፤ ከማቆሚያው ውጭ ያሰሩትን ግን ማዘጋጃ ቤቱ ጭኖ ይወስደዋል።