ስለ ስትሬፕታቪዲንና ስለሚያበሩ ሴሎች ጠይቁኝ

ከደሴም ከኮምቦልቻም ሴል ስለማቅለም የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልመልስላችሁ።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ጀምርልን፣ ስትሬፕታቪዲን ምንድን ነው?

መልስ፦ ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ባዮቲንን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ7ን፣ አንዴ ከያዘ መልቀቅ የለም። አራት መያዣ ቦታ አለው። መጀመሪያ ባዮቲን የተለጠፈበት አንቲቦዲ (አንድን ዒላማ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ሴሉ ላይ ያለውን ዒላማ ይይዛል፤ ከታጠበ በኋላ የሚያበራ ቀለም ያለው ስትሬፕታቪዲን ይጨመርና ባዮቲኑ ላይ ይጣበቃል። አንዱ አንቲቦዲ ብዙ ባዮቲን ስለሚሸከም ብርሃኑ ይጎላል።

ጥያቄ፦ ከእንቁላል ነጩ የሚወጣው አቪዲን ይረክሳል። በሱ አይሆንም?

መልስ፦ ይሆናል፣ ግን ጣጣ አለው። ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ሴሉ ደግሞ ላዩ ኔጌቲቭ ነው። ባዮቲን ኖረም አልኖረም ይለጠፋል። እኔ አልመክርም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ሴሎቼ አርፒኤምአይ (ሴል የሚያድግበት ፈሳሽ፣ ሚዲያ) ውስጥ እንዳሉ ስትሬፕታቪዲኑን ጨመርኩ፣ ምንም አላበራም። ቀለሙ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቀለሙ ምንም አላጠፋም። አርፒኤምአይ 1640 ራሱ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ባዮቲን አለው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ስትሬፕታቪዲኑን በሚሊሊትር 1 ማይክሮግራም ከተጠቀምሽ ሚዲያው ውስጥ ያለው ባዮቲን ከመያዣ ቦታዎቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ስለዚህ ስትሬፕታቪዲኑ ሴሉ ጋ ሳይደርስ ጠግቦ ያልቃል። በፒቢኤስ (ባዮቲን በሌለበት የጨው መፍትሔ) ደጋግመሽ እጠቢ። በ300 ጂ (የመሬት ስበት 300 እጥፍ) ለ5 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሪና ከላይ ያለውን ፈሳሽ ሙልጭ አድርገሽ አውጪ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሴሉ እንዳይሄድበት ፈርቶ ግማሹን ሚዲያ ይተወዋል። ብሎክ ለማድረግም (ቀለሙ ያለቦታው እንዳይለጠፍ ለመከላከል) የወተት ዱቄት አትንኪ፣ እሱም ባዮቲን አለበት።

ጥያቄ፦ ደሴ እንደሁ ብርድ ነው፣ ሴሎቹን ስናቀልም በረዶ ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው?

መልስ፦ ሃሃ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በረዶ አይተካም ወንድሜ! ሕያው ሴል ካልቀዘቀዘ ላዩ ላይ የተለጠፈበትን ወደ ውስጥ ይውጣል። በረዶ ላይ 30 ደቂቃ፣ በፎይል ተሸፍኖ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ስትሬፕታቪዲኑን ፍሪዘር ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ በፍጹም! በተለይ ቀለሙ ፒኢ ወይም ኤፒሲ ከሆነ፤ እነሱ ራሳቸው ፕሮቲን ናቸው፣ በረዶ ይገድላቸዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው ቦታቸው። ፍሪጁን አትክፈት። ከቆየ በክትባት መያዣ ሳጥን አስቀምጠው፣ ብልቃጡ ግን የቀዘቀዘውን በረዶ አይንካ።

ጥያቄ፦ የጉበት ቲሹ ያለ አንቲቦዲም አበራብኝ።

መልስ፦ ጉበትና ኩላሊት የራሳቸው ባዮቲን ሞልቷቸዋል። ከአንቲቦዲው በፊት ቀለም የሌለው አቪዲን አድርግበት፣ እጠበው፣ ቀጥሎ ነጻ ባዮቲን ጨምረህ የተረፉትን ቦታዎች ሙላ፣ እንደገና እጠብ። ሁልጊዜም ስትሬፕታቪዲን ብቻ የገባበት አንድ ናሙና ይኑርህ። እሱ ካበራ የሌላውን ውጤት አትመነው።