ፊልም ላስለጥፍ ወይስ ሴራሚክ ላስቀባ? ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ

የዛሬዋ ጠያቂ ከኮምቦልቻ ናት። ለፋርማሲዎች መድኃኒት ታከፋፍላለች። ያገለገለች ነጭ ቶዮታ ያሪስ ገዝታ ገና ጥቂት ወራት ነው። ደሴ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትወጣለች። በየሳምንቱ ደግሞ በባቲ በኩል እስከ ሚሌ ትወርዳለች። ጥያቄዋን ባጭሩ ላስፍረው፦

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ፊልም እናልብስልሽ፣ ከላዩ ሴራሚክ እንቀባልሽ፣ ከዚያ ለ10 ዓመት ድንጋይም ጭረትም አይነካትም፣ ውሃ ብቻ ማፍሰስ ነው አሉኝ። የጠሩት ገንዘብ የአንድ ዓመት የሱቅ ኪራዬ ነው። ኮፈኗ ላይ ከወዲሁ ሁለት ሦስት ቦታ ነጥብ ነጥብ ብሎ ቀለሙ ተነስቷል። ገንዘቤን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

አብሽሪ እህቴ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። የፊቷን ክፍል ፊልም አስለጥፊ። ለቀረው አካሏ ፊልም አያስፈልግሽም። ሴራሚኩን ደግሞ መኪናሽ የምትታጠብበትን መንገድ ሳታስተካክይ አትግዢው።

ሱቁ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ጥቅል ስላቀረበልሽ ነው የተምታታብሽ። የሚከላከሉት ጠላት ለየቅል ነው።

ፊልሙ ቀለሙ ላይ የሚለጠፍ፣ ሥሩን የሚያሳይ ሽፋን ሲሆን ፖሊዩሬቴን ከሚባል የሚለጠጥ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይሆናል። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የፋብሪካ ቀለም ከነመሠረቱ፣ ከላይ ካለው ክሊር ከሚባለው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን ጋር ቢደመር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ስለዚህ ፊልም ስታስለጥፊ ከቀለሙ ራሱ የሚወፍር ነገር ነው የምትደርቢበት። መነሻውም ለጌጥ አልነበረም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተሮቹን የመዘውር ክንፎች ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመጠበቅ ይለጥፈው ነበር። ጠጠር ሲመታው ይለጠጥና የምቱን ጉልበት ይውጣል። ቀላል ጭረት ደግሞ በፀሐይ ወይም በሙቅ ውሃ ሲሞቅ ከላይኛው ሽፋኑ ላይ ይጠፋል። ሰው ሆን ብሎ በቁልፍ የጫረው ግን አይጠፋም።

ሴራሚክ ግን ፈሳሽ ነው። በጠርሙስ ይመጣል፣ በጨርቅ ይቀባል፣ ክሊሩ ላይ ይደርቃል። መሠረቱ መስታወት የሚሠራበት ሲሊካ ነው። ሲደርቅ ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው፣ ከዚያም ያንሳል። አንዲት የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ እንደሆነች አስቢና ፍረጂው። ይህ ድንጋይ ይመልሳል ብሎ የሚነግርሽ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሊያሳምንሽ ብቻ ነው የፈለገው። በማስታወቂያው ላይ የምታዪው «9 ኤች» የሚለው ቁጥርም የእርሳስ መለኪያ ነው። ጠንካራው የእርሳስ ጫፍ አልጫረውም ማለት ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። የመንገድ ዳር አሸዋና ጠጠር ደግሞ ከእርሳስ እጅግ ይጠነክራል።

ሴራሚክ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ጥሩ ነገር ነው፤ ሥራው ሌላ ነው። ውሃ እንዳይተኛበት፣ ጭቃ እንዳይነክስ፣ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ክሊሩን ቶሎ እንዳይበላው ያደርጋል። ሚሌ ወርደሽ መኪናሽን በዚያ ሙቀት ስታቆሚና ወፍ ስትጥልባት ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ጋለ ያለ ላሜራ ላይ የወፍ ኩስ በሰዓታት ውስጥ ምልክት ይተዋል። ሴራሚክ ካለ ለመጥረግ ጊዜ ታገኛለሽ። ያም ቢሆን መጥረግ አይቀርልሽም።

አሁን ወደ አንቺ መንገድ ልምጣ። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከጅቡቲ ጭነት ይዘው የሚመጡት ተሳቢዎች ጎማቸው ጠጠር እየለቀመ ይወረውራል። አንቺ በ80 ስትሄጂ እሱም ከፊት ለፊትሽ በ80 ከመጣ፣ ጠጠሩ የሚያገኝሽ እስከ ሁለቱ ፍጥነት ድምር በሚደርስ ፍጥነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ኮፈንሽ ላይ ያየሻቸው ነጥቦች የዚህ ውጤት ናቸው። የትኛውም ሰም፣ የትኛውም ሴራሚክ አያስቀራቸውም። ፊልም ብቻ ነው የሚያስቀራቸው።

ግን ልብ በይ፣ ድንጋዩ የሚመታው የት ነው? የፊት ፓራውልት፣ የኮፈኑ ፊት፣ የፓራፋንጎዎቹ ጫፍ፣ የስፖኪዮዎቹ ጀርባ፣ የፊት መብራት። ከዚያ ደግሞ ከጎማ ኋላ ያለው የታችኛው ጎን። ጣሪያሽን ጠጠር እምብዛም አይመታውም። የኋላ በርሽንም አይመታውም። እነዚያን ለማልበስ የምታወጪው ገንዘብ ለምንም አይጠቅምሽም። ሙሉ ፊልም ከፊት ክፍሉ ብቻ ይልቅ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ምክንያቱም ጣሪያውና ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ቁሱም ጉልበቱም ያኛው ላይ ነው የሚያልቀው።

ከሁሉ በፊት የፊት መብራቱን አስለጥፊ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የዘመኑ መብራት ሽፋን መስታወት አይደለም፣ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ጠጠርና ፀሐይ ተባብረው ቢጫና ጭጋጋም ያደርጉታል። ሁለት ቁራጭ ፊልም ነው የሚፈልገው። ዋጋው ከሁሉ ትንሹ ነው። በጉም ከደሴ ስትወርጂ ያ መብራት ነፍስሽ ነው።

ስለ በር እጀታ ጉድጓድም ላስታውስሽ። ጥፍርና ቀለበት የሚጭረው እዚያ ነው። ትንሽ ቁራጭ ይበቃዋል። ባቲ ሰኞ ገበያ ቀን ከወረድሽ ደግሞ መኪናሽን ከገበያው መግቢያ አርቀሽ አቁሚ። ግመልና ጭነት የያዘ አህያ እየታከከ ሲያልፍ የሚጭረውን ፊልምም አይመልሰውም። መቶ እርምጃ መራመድ ይሻላል።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ይበርዳል ብለሽ ፀሐዩን አትናቂው። ሆኖም የፋብሪካ ክሊር ራሱ ጨረር የሚከላከል ነገር ተቀላቅሎበት ነው የሚሠራው። ቀለምሽ ደግሞ ነጭ ነው። ቀይና ጥቁር መኪና ላይ የሚያስጨንቀው መደብዘዝ ነጭ ላይ ያን ያህል አይታይም። ለፀሐይ ብለሽ ሴራሚክ አትቀቢ። ጥላ ያለው ማቆሚያ ፈልጊ።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ፣ ወደ አጣጠቡ። በእኛ አገር መኪናን ከድንጋይ ይልቅ የሚያበላሸው ላቫጆ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ልጆቹን አልወቅስም፤ ማንም አላሳያቸውም። መሬት የወደቀ ጨርቅ ይነሳል፣ በአንድ ባልዲ ውሃ ሦስት መኪና ይታሻል፣ ቸርኬ የተፈገፈገበት ስፖንጅ ኮፈን ላይ ይወጣል። አዋራው መጀመሪያ በውሃ ሳይወርድ በደረቁ ይፈተጋል። አዋራ ማለት እኮ ደቃቅ ድንጋይ ነው። ከዚያ መኪናዋን ፀሐይ ላይ ስታዪያት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ታገኚባታለሽ። በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሲያጥቧት ደግሞ ሰሙም ይነሳል፣ ሴራሚክም ቢሆን ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ አንቺው ቆመሽ አሳጥቢ። ወይም የራስሽን ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙና አንዱ ለማለቅለቂያ። የመኪና ሻምፖ። ሁለት ሦስት ለስላሳ ማይክሮፋይበር ፎጣ። መጀመሪያ አዋራው በብዙ ውሃ ይውረድ። ከላይ ወደ ታች ይታጠብ። ለጎማና ለቸርኬ የተለየ ጨርቅ ይኑር። ሲያልቅ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ አትተዪው፣ በፎጣ አድርቂው። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፣ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ይተዋል። ሴራሚክ የተቀባ መኪና ላይ ደግሞ ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ስለሚቆም ቀለበቱ ይብሳል። አስቀድሞ ከወጣብሽ ነጭ ኮምጣጤን በእኩል ውሃ አቅጥነሽ በጨርቅ አርጥቢና ጥረጊው፣ ወዲያው በውሃ አለቅልቂው።

ይህን ስድስት ወር ያህል ከለመድሽ በኋላ ሴራሚኩን ብታስቢበት አልቃወምም። ያኔ ይጠቅምሻል። እጥበቱ ይቀልልሻል፣ ጭቃው ቶሎ ይለቃል። እስከዚያ ግን በየሁለት ወሩ ጥሩ ሰም ቅቢ፣ ይበቃሻል። ደግሞም ጥሩ ፊልም ራሱ ውሃ የሚያንሸራትት ሽፋን ከፋብሪካው ይዞ ነው የሚመጣው። ፊልም ላይ ሴራሚክ መደረብ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ለሱቁ ይህን በግልጽ ንገሪው።

ፊልም ከመለጠፍሽ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። መኪናሽ ያገለገለች ናት። ኮፈኑና ፓራውልቱ የፋብሪካ ቀለም ነው ወይስ እንደገና ተቀብቷል? የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ጋ ውሰጃት። ላሜራው ላይ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ካሳየ ደህና ነው። 200ን አልፎ ወደ 300 ከሄደ ዳግም ቀለም ነክቷታል። ከዚያ እጅግ ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ አለ። መለኪያ ካጣሽ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሞክሪ። ስቱኮ ካለበት ቦታ ላይ ማግኔቱ ይላላል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ማግኔት አይሠራበትም፣ እዚያ የቀለሙን ልዩነት በዓይን ነው የምትለዪው። የበሩን ጎማ ገልጠሽም የቀለም ብናኝ ካለ እዪ፤ ካለ እንደገና ተቀብታለች ማለት ነው።

ይህን የምልሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በወጉ ያልያዘ ዳግም ቀለም ላይ የተለጠፈ ፊልም ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። በእኛ ገበያ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀለሟ ተነክቷል?» ብሎ ነው። የፋብሪካ ቀለም ካላት ፊልሙ ያንን ዋጋ ይጠብቅልሻል፣ ስትሸጫት ይመለስልሻል። አስቀድሞ ተቀብታ ከሆነ ግን የምትጠብቂው ነገር አነስተኛ ነው። ያኔ መብራቱን ብቻ አስለጥፊና ቀሪውን ገንዘብ ለወደፊት ኮፈን ማስቀቢያ ያዢው።

ኮፈኑ ላይ የተነሱትን ነጥቦች ሳትነኪ ፊልም አታስለጥፊባቸው። ላሜራው ከታየ ዝገት ይጀምራል፣ ዝገት ደግሞ ከፊልም ሥርም ይሄዳል። መጀመሪያ በቀለሟ ኮድ የተቀላቀለ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይነጠብበት። በደንብ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ ይለጠፍ።

ሱቁ ጋ ስትሄጂ ቁራጭ ናሙና ጠይቂ። በእጅሽ ሳቢው። ፖሊዩሬቴን ከሆነ ይለጠጥና ይመለሳል። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ርካሹ ፊልም ግን ደረቅ ነው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። ናሙናውን በናስ ብሩሽ ፈተግ አድርጊና ሙቅ ውሃ አፍሺበት። ጭረቱ ካልጠፋ «ራሱን ይጠግናል» ያሉሽ ውሸት ነው። ፊልሙ አስቀድሞ በማሽን ተቆርጦ ነው የሚመጣው ወይስ መኪናዋ ላይ በምላጭ ነው የሚቆረጠው? ብለሽም ጠይቂ። ልምድ የሌለው እጅ በምላጭ ሲቆርጥ ቀለሙን ይሰነጥቃል። የሚለጥፉበትን ክፍል ግቢና እዪው። ክፍት በር፣ አዋራና ነፋስ ካለ ተመለሺ። ከፊልም ሥር የገባ አንድ ቅንጣት አይወጣም።

10 ዓመት ያሉሽን ደግሞ በጽሑፍ አስደርጊው። የጥሩ ፊልም ዋስትና ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ የሚሸፍነውም ቢጫ መሆንን፣ መሰንጠቅንና መላጥን ነው። ድንጋይ የቀደደውን አይሸፍንም። ያን ያህል የሚጠብቁሽ ከሆነ ወረቀት ላይ ለመጻፍ አይከብዳቸውም።

ከተለጠፈ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ኮምቦልቻ አትነሺ። ሁለት ቀን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ እደሪና ከመሄድሽ በፊት ሱቁ ጠርዙን አንድ በአንድ እንዲያይልሽ አድርጊ። ኮፈኑ ጫፍና ስፖኪዮው ዙሪያ ላይ የተነሳ ጠርዝ ካለ በዚያው ይጫንልሻል። ኮምቦልቻ ከደረስሽ በኋላ ለአንድ የተላጠ ጠርዝ ያን ሁሉ መንገድ መመለስ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት አታሳጥቢያት። ከዚያ በኋላም በግፊት የሚረጭ ውሃ ሲጠቀሙ አፉን ከፊልሙ ጠርዝ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲያርቁት ንገሪያቸው።