«ሊበርታሪያን» በአማርኛ ማን እንበለው?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ቡና እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሱ «ሊበርታሪያን ማለት መንግሥት ከገበያውም ከኪሳችንም እጁን ያንሳ የሚል ሰው ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ሊበርታሪያን መንግሥት ጨርሶ አያስፈልግም ከሚሉት ከአናርኪስቶች ጎራ የሚቆም የግራ ሰው ነው ብዬ ተሟገትኩ። ማን ልክ ነው? በአማርኛስ «ነፃ አውጪ» ብንለው ምን ይለዋል?

መልስ፦ ከትርጉሙ ልጀምር። «ነፃ አውጪ» አይሆንም። ይህ ቃል በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ጫካን፣ ጠመንጃንና ግንባርን አስከትሎ ነው የሚገባው። ነፃ የሚወጣውም ሕዝብ ወይም አገር ነው፤ ስለ ዓድዋ ስናወራ «ነፃነታችን» የምንለው የሁላችንን ነው። ሊበርታሪያኑ የሚጨነቀው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው በገዛ አካሉና በገዛ ሥራው ላይ ማን ያዘዋል ብሎ።

«ነፃ ሰው» ብንለውስ? ጅማ ውስጥ እንግዳ ሆነው ቢገቡ ባለቤቷ «ነፃ ሆነው ይጫወቱ» ትልዎታለች፤ አትጨናነቁ ማለቷ ነው። «ነፃ ሰው»ም ተጫዋች፣ ግልጽ ሰው ነው። ፍልስፍናው እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ጠባችሁም ያረጀ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1789 በዊልያም ቤልሻም ጽሑፍ ሲሆን ያኔ ፖለቲካ አልነበረም፤ ሰው የራሱ ፈቃድ አለው ወይስ ሁሉም አስቀድሞ የተወሰነ ነው በሚለው ሙግት ውስጥ የመጀመሪያውን ወገን ይጠራ ነበር። ፖለቲካዊ ያደረገው ፈረንሳዊው አናርኪስት ጆሴፍ ዴዣክ ነው። በ1857 ለሌላው ፈረንሳዊ አናርኪስት ለፕሩዶን በጻፈው ደብዳቤ፣ ሴቶችን ዝቅ ስላደረገ ወቅሶት፣ እውነተኛው አናርኪስት «ሊበርቴር» ነው አለ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኒውዮርክ ላይ በዚሁ ስም ጋዜጣ አወጣ። እርስዎ የያዙት ይህን ነው።

የጓደኛዎ ትርጉም ወጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ «ሊበራል» መንግሥት ኢኮኖሚው ውስጥ ይግባ የሚሉት ስም ሲሆን፣ ገበያው ነፃ ይሁን የሚሉት የድሮዎቹ ሊበራሎች ስም አጡ። እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካዊው ጸሐፊ ዲን ራስል «ሊበርታሪያን»ን እንውሰድ ብሎ ጻፈ፤ በ1971 ፓርቲ ተመሠረተበት። ፈረንሳዮቹ ግን ብልሆች ናቸው፤ ለግራው «ሊበርቴር»ን ትተው ለአሜሪካው «ሊበርታሪየን» የሚል ሌላ ቃል አበጁ።

ልዩነቱን ለማየት ከጅማ ወጣ ብሎ አንድ ቡና ገበሬ ዘንድ ይሂዱ። «ቡናዬን ለፈለግሁት ልሽጥ» ቢል ጓደኛዎ ያጨበጭባል፤ ከግራዎቹም የሚያጨበጭብ አይጠፋም። ቡናው የበቀለበት መሬትስ የማን ነው? እዚህ ላይ ይለያያሉ። የጓደኛዎ ወገን፣ ማለትም የቀኙ፣ «መጀመሪያ ላቡን ያፈሰሰበት ሰው ነው» ይላል። ከግራዎቹ ብዙዎች «ሰው የራሱ ነው፣ ምድር ግን የሁሉም» ይላሉ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚል የቀኙን ጨርሶ አያስደስተውም፤ የግራውም «ሕዝብ ካላችሁ በኋላ መንግሥትን ምን አገባው?» ሳይል አይቀርም።

ለአናርኪዝም የተሰጠው «ሥርዓተ አልበኝነት» ደግሞ ትርጉም ሳይሆን ፍርድ ነው። «አልቦ» የሚለውን ግዕዝ ይዞ «ሥርዓት የለሽነት» ይላል፤ የሚያምንበት ሰው ይህን ስም በፈቃዱ አይለብሰውም። በሊበርታሪያን ላይ ይህ ስሕተት እንዲደገም አልፈልግም።

«ነፃነተኛ» እንበለው የሚልም ይኖራል፤ አሠራሩ እንደ «ሕልመኛ» ስለሆነ ሰዋስዉ አይነቀፍም፣ ግን ገና ማንም አይለውም። «ሊበራል»ን ሳንተረጉም እንደተቀበልነው ሁሉ «ሊበርታሪያን»ንም እንቀበለው፤ ከፊቱ «የቀኝ» ወይም «የግራ» ይጨመርበት። የእናንተን ክርክር እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ጓደኛዬ የቀኝ ሊበርታሪያን ነው፤ እኔ የማውቀው የግራውን ነው፤ ቡናውን የከፈለው ግን እሱ ነው።»