ምሰሶው ከፍ አለ፣ ድምፁ ግን አልራቀም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንባቢያችን በ98 ሜጋኸርዝ አካባቢ በ50 ዋት የኤፍኤም ማሰራጫ ያስተላልፋሉ። አንቴናቸውን ከ10 ሜትር ወደ 24 ሜትር ከፍ ሲያደርጉ በነበረው 15 ሜትር አርጂ 58 የተባለ ቀጭን የአንቴና ኬብል ላይ ሌላ 25 ሜትር ቀጠሉበት። ድምፁ ግን ከቀድሞው አልራቀም። ዝናብ ሲጥል ይብስበታል፣ ማሰራጫውም ይግላል። ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው ኤስደብሊውአር ሜትር (1 ማለት የሚመለስ የለም ማለት ነው) በደረቅ ቀን 1.5 ስለሚያሳይ አንቴናውን አልጠረጠሩትም። በዚህ ላይ አጠገባቸው ያሉ ጎረቤቶች ምሰሶው ከፍ ካለ ወዲህ ሌላ ጣቢያ መስማት እንዳቃታቸው ይናገራሉ። «ጥፋቱ የከፍታው ነው? መልሼ ላውርደው?» ይላሉ።

ከፍታውን አይንኩት። ለጥገናው ግን ምሰሶው መተኛቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከሁሉም በፊት የመብራት መስመሩን ይመልከቱ። ምሰሶው በየትኛውም በኩል ቢወድቅ ሽቦ ላይ መድረስ የለበትም። ከመስመሩ ያለው ርቀት ከምሰሶውና ከአንቴናው ጠቅላላ ቁመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ በእርስዎ ሁኔታ ከ36 ሜትር በላይ ማለት ነው። ያን ያህል ቦታ ከሌለዎት መስመሩ በሚመለከተው ድርጅት እስኪጠፋ ድረስ አንድም ቡሎን አይፍቱ። የአንቴና ሥራ ሰው ከሚገድልባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ወደ ጉዳዩ ስመጣ፣ መንገዱን ያሳየኝ ዝናቡ ነው። ከፍታ በዝናብ አይለወጥም። የሚለወጠው ውሃ የገባበት ኬብል ነው፤ በእርስዎ መስመር ላይ ደግሞ ውሃ የሚገባበት ቦታ የታወቀ ነው፤ 15ኛው ሜትር ላይ ያለው ቅጥያ። እንዴት እንደተሠራ ሳላየው እገምታለሁ። መሐለኛው ሽቦ ከመሐለኛው ተጠማዞ፣ የዙሪያው የሽቦ ጥልፍ ከጥልፉ ተጠማዞ፣ በላዩ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። እንዲህ ያለውን ብዙ ፈትቻለሁ። ናስትሮው ሲላጥ ሙጫው ይዝለገለጋል፣ ሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፣ ጥልፉም ውሃውን እየመጠጠ ከቅጥያው ወዲህና ወዲያ ይወስደዋል። የመብራት ገመድ እንዲህ ይቀጠል ይሆናል፤ ኮአክስ፣ ማለትም መሐለኛ ሽቦና በዙሪያው ጥልፍ ያለው የአንቴና ኬብል፣ ግን እንዲህ በፍጹም አይቀጠልም። ይህን የሠራልዎት ሰው ገንዘብ ተቀብሎበት ከሆነ አዝናለሁ።

ሒሳቡም ወደዚያው ይጠቁማል። አርጂ 58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ በየ100 ሜትሩ 15 ዴሲቤል ያህል ያባክናል (ዴሲቤል የኃይል መጨመርና መቀነስ መለኪያ ነው፤ 3 ሲጠፋ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል)፤ ጥልፉ የሳሳው ርካሹ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በድሮው 15 ሜትር ከ50 ዋቱ 30 ያህሉ አንቴናው ጋ ይደርስ ነበር። በአሁኑ 40 ሜትር 6 ዴሲቤል ይጠፋል፣ የሚደርሰውም 12 ዋት ተኩል ነው፤ ሌላው ኬብሉን ሲያሞቅ ይቀራል። ቢሆንም ከ10 ወደ 24 ሜትር መውጣት በሜዳማ መሬት ከ7 ዴሲቤል በላይ ያስገኛል፣ ተጨማሪው ኬብል የወሰደው ግን 4 ቢጠጋ ነው። ሲቻቻል ወደ 4 ዴሲቤል የሚጠጋ ትርፍ ሊተርፍልዎት ይገባ ነበር። እርስዎ ጋ ምንም የለም። ያንን ትርፍ የበላው ቅጥያው ነው እላለሁ።

የሜትሩ 1.5 አያጽናናዎት። ከታች ማሰራጫው ጎን የተቀመጠ ሜትር የሚያየው ኬብሉ ያሳለፈለትን ብቻ ነው። ኃይሉ ወደ ላይ ሲሄድ 6 ዴሲቤል ያጣል፣ ከአንቴናው ተመልሶ ሲወርድ ሌላ 6 ያጣል። በዚህ ኬብል ጫፍ ላይ አንቴናው ከነጭራሹ ባይኖር እንኳ ሜትርዎ የሚያነበው 1.7 ያህል ነው። ስለዚህ 1.5 ስለ አንቴናው ጤንነት የሚነግርዎት ነገር የለም።

ከፍታ ለምን እንደሚጠቅም ደግሞ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነውና። የሚታወቀው ግማሽ አድማስ ነው። የአንቴናውን ቁመት በሜትር ይውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ያባዙ፤ የሬዲዮ አድማሱን በኪሎ ሜትር ያገኛሉ። 10 ሜትር ለ13 ኪሎ ሜትር፣ 24 ሜትር ለ20 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሌላው ግማሽ መሬቱ ራሱ ነው። ከአንቴናዎ የወጣው ሞገድ አድማጩ ጋ በሁለት መንገድ ይደርሳል፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው መሬት ነክቶ በመንጠር። መሬቱን ተጋድሞ ለጥቂት የነካ ሞገድ ሲነጥር ይገለበጣል፣ ከፍታው ዝቅታ፣ ዝቅታው ከፍታ ይሆናል። አንቴናው ዝቅ ብሎ አድማጩ ሲርቅ የሁለቱ መንገዶች ርዝመት እኩል ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ እኩል ተጉዘው የተገናኙ ቀጥተኛና የተገለበጠ ሞገዶች ደግሞ ይጠፋፋሉ። 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ከመሬት 2 ሜትር ላይ ያለ የአድማጭ አንቴና ይውሰዱ። የእርስዎ አንቴና 10 ሜትር ላይ ሲሆን የመንገዶቹ ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር ነው። 24 ሜትር ላይ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር በሆነበት ይህ ኢምንት ይመስላል፣ ነገር ግን ከመጠፋፋት የሚተርፈውን የሚወስነው ይህቺው ልዩነት ናት። ስለዚህ ከማሰራጫው የወጣው ኃይል ራሱን በራሱ እየሻረ ነው የሚሄደው፤ ከፍታ የሚያደርገው መሻሩን ማላላት ነው። በሜዳማ መሬት፣ ከአድማስ ወዲህ፣ ቁመት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይገኛል። ያንን በማሰራጫ ለማግኘት 50 ዋቱን 200 ማድረግ ሊኖርብዎት ነው። የአድማጩም አንቴና ከ2 ወደ 4 ሜትር ቢወጣ እንዲሁ 6 ዴሲቤል ያገኛል፤ ከሩቅ ለሚደውሉልዎት አድማጮች ይህን ይንገሯቸው።

ተቆጣጣሪዎች ዋትንና ቁመትን አብረው የሚመዝኑትም ለዚህ ነው። በአሜሪካ የአነስተኛ ኃይል ኤፍኤም ፈቃድ ጣሪያው 100 ዋት የሚሆነው አንቴናው ከአካባቢው አማካይ መሬት እስከ 30 ሜትር ድረስ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ከፍ ካለ ዋቱ ይቀነሳል። የእርስዎም ፈቃድ ላይ የተጻፈው ቁመት 10 ሜትር ከሆነ መጀመሪያ ያስለውጡት። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁለት ጣቢያ ሲገናኝ የኤፍኤም ሬዲዮ በጥቂት ዴሲቤል የበረታውን ይዞ ሌላውን ይደፍናል፤ ኬብሉ ሲስተካከል ዛሬ የማይደርሱበት የሌላ ጣቢያ አድማጭ ጋ ሊደርሱ ይችላሉ።

አሁን ፈተናው። ማሰራጫውን አጥፍተው ኬብሉን ይንቀሉ፣ በቦታው ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ) ያስሩ፣ ያብሩ። 50 ዋት ወጥቶ የሚመለስ ከሌለ ማሰራጫው ደኅና ነው። ያለ አንቴናና ያለ ደሚ ሎድ ግን ለአፍታም አያብሩት፣ የመጨረሻውን ትራንዚስተር ያቃጥሉታል። ከዚያ መስመሩ በማያሰጋበት ሁኔታ ምሰሶውን ያስተኙ፣ ዋት ሜትሩንና ደሚ ሎዱን በአንቴናው ፈንታ በኬብሉ ላይኛ ጫፍ ያስሩና እዚያ የሚደርሰውን ያንብቡ። 12 ዋት አካባቢ ከሆነ ቅጥያውን በሐሰት ከስሼዋለሁ። 4 ወይም 5 ካነበቡ ጨርሰናል። ውሃው ደርቆ እንዳያሳስትዎት ከዝናብ ማግሥት ቢለኩ ይመረጣል።

ጥገናው ቅጥያውን ማደስ አይደለም። 40 ሜትሩን በሙሉ ጣሉትና ያለ ቅጥያ አንድ ወጥ ኬብል ይዘርጉ። ወፈር ያለው አርጂ 213 ኬብል ቢሆን 27 ዋት ያህል ላይ ይደርሳል፤ የውጭ ሽፋኑ የተሸበሸበ መዳብ የሆነው የግማሽ ኢንች ኬብል ደግሞ ወደ 40 ያደርሳል። ኮኔክተሩ ላይ አይሰስቱ። ያ ቀላሉና የሚያብለጨልጨው ርካሽ ኮኔክተር ስታኞ አይዝም፤ መሐሉ ያለው ፕላስቲክ በመበየጃው ሙቀት ይለሰልስና ፒኑ ያዘነብላል፣ ከዚያ ከጥልፉ ጋር ይነካካል። ደጅ ለሚቀመጥ ጫፍ ኤን የሚባለውን ውሃ የማያስገባ ኮኔክተር ይጠቀሙ፣ ሲለጠጥ እርስ በርሱ የሚዋሐደውን የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅልሉበት፣ ናስትሮውን ከላዩ ለፀሐይ መከላከያ ብቻ ያድርጉት።

የጎረቤቶቹ አቤቱታ ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ወደ እግሩ ሥር የሚልከው ጥቂት ነው፤ ከፍ ሲል ከሥሩ ላሉት መቅለል ነበረበት። የባሰው ኬብሉ ራሱ አንቴና ስለሆነ ነው። ጥልፉ በቅጥያው ላይ ሲበጠስ ኃይሉ በኬብሉ የውጭ ገጽ ይሄድና በጣሪያዎቹ አጠገብ ይረጫል። ኬብሉን ከመቀየርዎ በፊት፣ ማሰራጫውን ወደ 5 ዋት አውርደው ልባሱ ያልተላጠ ቦታ ላይ ኬብሉን በእጅዎ ይጨብጡት። የሜትሩ መርፌ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ ይኸው ነው። አዲሱ ላይም፣ አርጂ 213 ከሆነ (የተሸበሸበው መዳብ እንዲህ ጠብቆ አይታጠፍም)፣ ልክ አንቴናው ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 4 ወይም 5 ጥቅሎች አድርገው ይሰሩት፤ በውጭ ገጽ የሚወርደውን ያግደዋል።

ምሰሶውን መልሰው ሲያቆሙ የመብራት መስመሩን እንደገና ይመልከቱ። ሲያስተኙት አይተውታል ብለው አይለፉት፤ ከፍ ሲል በሌላ አቅጣጫ ሊያጋድል ይችላል፣ አጋዥ የሚሆኑዎት ሰዎችም ይህን ቀድመው ይወቁ፣ ከተንሸራተተ ለቀውት ይሽሹ እንጂ አይያዙት።

ከዚህ በኋላም የሚያማርር ጎረቤት ካለ ሬዲዮውን አብራችሁ እዩት። የሬዲዮው ዘንግ ሲታጠፍ ሌሎቹ ጣቢያዎች የሚመለሱ ከሆነ ሬዲዮው በእርስዎ ጉልበት ታፍኗል፤ ዘንጉን አሳጥሮ መስማት ይበቃዋል። የሚታወከው ቴሌቪዥን ከሆነና 196 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ቻናል ብቻ ከሆነ ግን ያ የእርስዎ የ98 ሁለት እጥፍ ነው፤ ጥፋቱ የማሰራጫው ስለሆነ ከመውጫው ላይ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ የሚያግድ ሎው ፓስ ፊልተር ሳያስገቡ አያስተላልፉ።