መልስ፦ ከሩቅ ኳሳሮች የሚደርሰን ኤክስሬይ

በጥቂት የኤክስሬይ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ብቻ ስለ ሩቅ ኳሳር፣ ማለትም ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ ሲውጥ እጅግ ስለሚያበራ የጋላክሲ እምብርት፣ እንዴት መናገር እንደሚቻል ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የተደረገው፣ ቀይ ሽግሽጉ (ዩኒቨርስ ሲሰፋ ብርሃኑ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚያሳየው ቁጥር) 7.54 የሆነው ኳሳር ጥሩ ማሳያ ነው፤ ዩኒቨርስ 690 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ሳለው፣ በመካከሉ 800 ሚሊዮን ፀሐዮችን የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ ነበር። የናሳው ቻንድራ የጠፈር ቴሌስኮፕ ከ12 ሰዓት በላይ ተመልክቶት የሰበሰበው 14 ያህል ፎቶኖችን ቢሆንም፣ ምስሉ እጅግ ጥርት ያለ በመሆኑ በዚያች ጠባብ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ሌላ ጨረር ከሞላ ጎደል የለም፤ ስለዚህ ግኝቱ አያጠራጥርም። ኤክስሬዩ የሚመነጨውም ኮሮና ከሚባለው፣ ለጥቁር ጉድጓዱ እጅግ ቅርብ ከሆነው የጋለ ጋዝ ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ርቀቱ ራሱ የሚያግዘን መሆኑ ነው። ዩኒቨርስ በመስፋቱ የፎቶኑ ኃይል 8.5 ጊዜ ያህል ስለሚቀንስ፣ እዚህ 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ኃይል መለኪያ) ሆኖ የተመዘገበው ከምንጩ ሲነሳ 17 ገደማ ነበር፤ እንዲህ ያለው ብርቱ ጨረር ደግሞ ሌላውን ብርሃን የሚጋርደውን ወፍራም ጋዝ ሰንጥቆ ማለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው፣ ከአቤል 2744 የጋላክሲዎች ክምችት ጀርባ በምትገኝ ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ የተሸሸገው ጥቁር ጉድጓድ በቻንድራ የተለየው በዚሁ ኤክስሬይ ሲሆን፣ የክምችቱ ስበትም ብርሃኑን አጉልቶታል።